አሮጌው ብስክሌት የማን ልጅ ነው? ከቀወት ቆላ የተነሣ ዳሰሳ

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ አሮጌ ብስክሌት ከጓሮ ወይም ከጎሚስታ ቤት ጀርባ ጎትተው ሲያወጡት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማርካው ምንድን ነው?» የሚል ነው። በመሪው አንገት ላይ የተመታችው ቆርቆሮ ትታያለች፤ «ራሌ ነው» ወይም «ቢያንኪ ነው» ይባላል፤ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው ባይ ነኝ። የብስክሌትን ዘር ለማወቅ ከሚያገለግሉት ማስረጃዎች ሁሉ ደካማዋ ያቺ ቆርቆሮ ናት። በሁለት ሪቬት የተያዘች ነገር ከአንዱ ተነቅላ ሌላው ላይ ለመመታት ብዙ ጊዜ አትፈልግም። የቀለምና የተለጣፊ ጽሑፍማ ይባስ፤ በብሩሽ ዘይት ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ የተቀባ ብስክሌት በፊት ማን እንደነበረ ከላዩ አይናገርም።

ስለዚህ እዚህ የምሄድበት መለኪያ አንድ ነው፤ ለመቀየር የሚከብደው ክፍል የበለጠ ይታመናል። ኮርቻ፣ ፔዳል፣ ፍሬን፣ ጎማ በየዓመቱ ይለወጣሉ። ሞዞ፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበት የጎማው እምብርት፣ በየአሥር ዓመቱ ይለወጥ ይሆናል። ሻንሲው ላይ የተቆረጠ ፊሌቶና የሻንሲው ቱቦ ውፍረት ግን ብስክሌቱ እስካለ ድረስ አብረውት ይኖራሉ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ብረት ላይ የሚመቱት ቁጥሮች በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆኑ ዓመታቱን እዚህም በዚያው አስቀምጫለሁ። ሞዞ ላይ «57» የሚል አይቶ በእኛው አቆጣጠር የተረጎመ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል፤ የእነሱ 1957 ለእኛ 1949 እና 1950 ነውና። ይህ ስህተት ቀላል ቢመስልም የብስክሌቱን ዘመን ሊያዛባ ይችላል።

ሸዋ ሮቢት ያለችበት ቀወት የብስክሌትን ዘር ለመጠየቅ የተመቸ ቦታ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሠሩት መንገድ ላይ ተቀምጣለች። የጣርማበር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው በደብረ ሲናና በአርማኒያ በኩል ወደ ሮቢ ወንዝ የሚወርድ ብስክሌተኛ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ፣ ሰንበቴና አጣዬ የሚወስደው ግን ያንን ያህል አያስቸግርም። አንድ መንገድ ላይ ሁለት ፈተና አለ፤ ላይኛው ፍሬንና ማርሽ ይጠይቃል፣ ታችኛው ሙቀት፣ አቧራና የግራር እሾህ የሚችል ጎማ።

መንገዱ ሌላም ነገር ያስረዳል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከመሠራቱ በፊት ከአሰብ ወደብ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ ከአስመራው ጋር ይጋጠም ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና በዚህ ቆላ ያልፋል። ከላይ በኩል ደግሞ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የሚያመጣው ዕቃ አለ። በመሆኑም በዚህ ቆላ የሚገኝ አሮጌ ብስክሌት ከሰሜንም ከደቡብም መጥቶ ሊሆን ይችላል። «ይህ አካባቢ የጣሊያን መንገድ ስለነበር ብስክሌቱም ጣሊያን ነው» የሚለው ግምት ከዚህ የተነሣ አያስኬድም።

ወደ ራሱ ወደ ብስክሌቱ እንግባ። «የረጅም ጉዞ ብስክሌት» ሲባል ምን ማለት ነው? በአውሮፓ፣ በተለይ በፈረንሳይ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ፓሪስና አካባቢዋ ላይ እንደ ሬኔ ኤርስና አሌክስ ሳንዤ ያሉ አነስተኛ ወርክሾፖች ሻንሲውን፣ ፓራፋንጎውን፣ መብራቱንና ፖርቶመጋላውን አንድ ላይ አስበው ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ብስክሌት የሚለዩት ምልክቶች ሻንሲው ላይ ናቸው። የኋላው ሹካ ጫፍ ላይ ለፓራፋንጎና ለፖርቶመጋላ የተበሱ ጆሮዎች አሉት፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከውድድር ብስክሌት ይረዝማል፤ ጎማውና ሻንሲው መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፤ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ከጎን የሚይዝ ሰፊ ክንድ ያለው ነው፤ ከፔዳሉ ጋር የሚዞሩት ትልልቅ ጥርሶች ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ። ጆሮ የሌለው፣ ጎማውን ከሻንሲው አስጠግቶ የያዘ ሻንሲ የውድድር ነው፤ በኋላ ፖርቶመጋላ በክላምፕ ቢታሰርለትም ዘሩ አይቀየርም።

እኛ አገር «የድሮ ረጅም ጉዞ ብስክሌት» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ግን ከሁለቱም አይደለም። ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በዘንግ የሚሠራ፣ ሰንሰለቱ በቆርቆሮ የተሸፈነ የሥራ ብስክሌት ነው። እንግሊዞች ለፖስተኛ፣ ለፖሊስና ለፋብሪካ ሠራተኛ የሠሩት ዓይነት ነው፤ ህንድና ቻይናም ይህንኑ ንድፍ ወርሰው በሚሊዮኖች አምርተውታል። ይህን በመናቅ አልልም። ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ ከማሳ ወደ ገበያ የሄደ ሰው በጉዞ ብስክሌት አልሄደም ሊባል አይችልም። ሆኖም ሁለቱን ካልለየን ማርሽ መቀየሪያ ያልነበረው ብስክሌት ላይ «የጠፋውን መቀየሪያ» ስንፈልግ እንኖራለን።

ለነገሩ ማርሽ የሌለው ብስክሌትም ሩቅ ይሄዳል። አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ በ1963 ከአየርላንድ ህንድ ድረስ የሄደችው አርምስትሮንግ ካዴት በሚባል ብስክሌት ነበር፤ ከመነሣቷ በፊት መንገዱን ፈርታ የማርሽ መቀየሪያውን አስፈትታዋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቱን ትታ በበቅሎ ተጓዘች። ደጋችንን የሚያውቅ ሰው በዚህ ውሳኔ አይፈርድባትም።

አሁን ማስረጃዎቹን በየተራ እንያቸው። ብዙ ሰው ዓርማ ሲያጣ የሚሮጠው ወደ ሻንሲ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ብስክሌቱ ሲገለበጥ የፔዳሉ ኩሽኔታ ቤት ሥር፣ አለበለዚያ ከኮርቻው ሥር ባለው የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ወይም የኋላው ሹካ ጫፍ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ቀለሙን በቀስታ መፋቅ ነው፤ በፋይል ሳይሆን በቀለም ማስለቀቂያና በጨርቅ። ጉዳቱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አለመናገሩ ነው። የአንዳንድ ፋብሪካዎች መዝገብ ጠፍቷል፣ አንዳንዶቹም ተመሳሳይ ተከታታይ ቁጥር ደጋግመው ተጠቅመዋል። ቁጥሩን እንደ መታወቂያ ያዙት፤ የልደት ቀን ግን ከእሱ አትጠብቁ።

የልደት ቀን የሚገኘው ከሞዞው ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኖቲንግሃም ውስጥ ከራሌ ጋር የተቋቋመው ስተርሚ አርቸር ከ1902 ጀምሮ ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ ይሠራ ነበር። በ1936 ያወጣው «ኤ ደብልዩ» የተባለው ዓይነት በዓለም ላይ እጅግ ከተሠራጩት አንዱ ነው። ማርሾቹ በሞዞው ሆድ ውስጥ ስለሆኑ አቧራ በቀላሉ አይደርስባቸውም። መካከለኛው ማርሽ ቀጥታ ነው፤ ዝቅተኛው ከእሱ 25 በመቶ ያቀለዋል፣ ከፍተኛው 33 በመቶ ያከብደዋል። ለጀውሃ ሜዳ ይበቃል፤ ለጣርማበር ዳገት አይበቃም፣ ወርዶ መግፋት ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። የሞዞው ልብስ ላይ ከስሙ ጎን ሁለት አሃዝ ተመትተዋል፣ የተሠራበት ዓመት ማለት ነው፤ ከጎኑ ያለው ትንሽ ቁጥር ወሩ ነው። «64» እና «3» ካያችሁ መጋቢት አካባቢ 1964 የተሠራ ነው። ቅባቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ ማንበብ ብቻ ይጠይቃል።

ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚቆም ብስክሌት ከሆነ ደግሞ «ቶርፔዶ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ይህ ሽዋይንፉርት ከተማ የነበረው የጀርመኑ ፊኽተል ኡንድ ዛክስ ከ1903 ጀምሮ የሠራው ሞዞ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የዓመቱ ሁለት አሃዝ ይገኛል። የጃፓኑ ሺማኖ ከ1976 ጀምሮ ሁለት የላቲን ፊደላት ይመታል። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው፣ «ኤ» 1976፣ «ቢ» 1977 እያለ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወሩ ነው፣ «ኤ» ጥር ማለት ነው። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ደግሞ በብዙ የኋላ ማርሽ መቀየሪያዎቹ ላይ ከ«ፓተንት» ምልክት ጋር ሁለት አሃዝ ያስቀምጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ሞዞ የሚናገረው የራሱን ዕድሜ ነው። ጎማ ከነሞዞው ከሌላ ብስክሌት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ እኛ ዘንድ የየዕለቱ ሥራ ነው። ሞዞው 1964፣ የማርሽ መቀየሪያው 1979 ካሉ ብስክሌቱ የሁለት ዘመን ድብልቅ ነው። ሻንሲው ከመጀመሪያው ዘመን ይሁን ከሁለተኛው ቁጥሮቹ አይፈርዱም፤ ለፍርዱ ወደ ፊሌቶ መውረድ ያስፈልጋል።

ፊሌቶ ያልኩት ብሎን የሚሽከረከርበትን ጠመዝማዛ ጥርስ ነው፤ የምናየው የፔዳሉን ዘንግ የሚይዙት ሁለት ኩባያዎች ሻንሲው ውስጥ የገቡበትን ነው። ብስክሌት ሠሪ አገሮች በዚህ አልተስማሙም ነበር፤ አለመስማማታቸው ዛሬ ለእኛ ዋና ማስረጃ ሆነልን። የእንግሊዙ ስፋት 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በኢንች 24 ጥርስ አለው፤ የፈረንሳዩ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥርሱ በ1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንደ እንግሊዙ በኢንች 24 ጥርስ ነው። ራሌ ለራሱ ብስክሌቶች ለብቻው 26 ጥርስ ይቆርጥ ነበር፤ እልኸኛ ኩባንያ ነው። የሻንሲው ኩሽኔታ ቤት ወርድም ይረዳል፤ የጣሊያኑ 70 ሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዙና የፈረንሳዩ 68፣ የራሌ ከባድ ብስክሌቶች ከ70 በላይ።

ካሊፐር የሌለው ጎሚስታ እንኳ የሚያደርገው ፈተና አለ። በሰንሰለቱ በኩል ያለውን የቀኝ ኩባያ ይፍታው። ወደ ቀኝ ሲዞር የሚፈታ ከሆነ ፊሌቶው ግራ ነው፤ ሻንሲው በእንግሊዝ ሥርዓት የተሠራ ነው። ወደ ግራ ሲዞር ከተፈታ ፈረንሳይ ወይም ጣሊያን ነው፤ ወርዱ ሁለቱን ይለያቸዋል። ስዊዘርላንድ የፈረንሳይን ልክ በግራ ፊሌቶ ትሠራ ነበር፣ እሱ ግን እዚህ አገር ብርቅ ነው። የሚያሳስበኝ በእንግሊዙና በፈረንሳዩ መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አለመሙላቱ ነው። ጉልበት ያለው ሰው አንዱን ኩባያ በሌላው ሻንሲ ውስጥ በግድ ያስገባል፤ ማስረጃውም ሻንሲውም አብረው ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ፊሌቶ ማስቆረጥ ነው፤ የሻንሲው የትውልድ ታሪክ በዚያች ሰዓት ይጠፋል።

የቱቦው ውፍረትም ይለያል። የእንግሊዝና የጣሊያን ሻንሲ የኮርቻው ቱቦ በተለመደው 28.6 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ቱቦ 25.4 ነው። በሜትሪክ የተሠራው የፈረንሳይ ሻንሲ 28 እና 26 ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመለካታችሁ በፊት ቀለሙን አንድ ቦታ ላይ ፋቁት፤ ተደጋግሞ የተቀባ ቀለም ፈረንሳዩን እንግሊዝ ያደርገዋል። ከዚህም የሚቀለው የኮርቻውን ዘንግ ነቅሎ መለካት ነው። 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው ስስና ጥሩ ብረት የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው፤ በ1935 በርሚንግሃም ላይ የወጣው ሬይኖልድስ 531 ለእንግሊዝ ጥሩ ሻንሲዎች የታወቀ ነበር። 25.4 ከሆነ ወፍራምና ከባድ የሥራ ሻንሲ ነው። የጉዞ ብስክሌት አገኘሁ የሚል ሰው ሁሉ ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት ይህን አንድ ልኬት ቢወስድ እመክራለሁ።

ስለ ጎማ አሳጥራለሁ። «28» የሚለው ቁጥር ወጥመድ ነው። «28 በ1½» የሚባለው የከባዱ ብስክሌት ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ስፋት 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ዛሬ «700» ተብሎ የሚሸጠው 622 ነው፤ ሁለቱም «28» ይባላሉ፣ አንዱ ለሌላው አይገባም። «27 በ1¼» የሚባለው የእንግሊዝ የጉዞ ብስክሌት ጎማ ደግሞ 630 ነው። በስም ሳትገዙ ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። ቸርኬው ላይ ያሉ ሽቦዎችንም ቁጠሩ፤ ፊት 32 እና ኋላ 40 ከሆኑ የእንግሊዝ ወይም ከእንግሊዝ የተቀዳ ነው፤ በሁለቱም ላይ 36 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሌላው አውሮፓ ነው።

ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው ትልቁ ጥርስ ደግሞ ጥሩ ምስክር ነው፤ ፋብሪካዎች ምልክታቸውን ብረቱን እየቆረጡ ያስገቡበት ነበር። የራሌው የሽመላ ወፍ ራስ አለው፤ የቢ ኤስ ኤው የራሱ ፊደላት፤ የረጁ የሰው እጅ፤ የሀምበሩ የሰው ቅርጽ። ቢ ኤስ ኤ በመጀመሪያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስለነበር ዓርማው ሦስት የተደገፉ ጠመንጃዎች ነው።

ምስክሩ ግን ራሱ ይመሰከርበታል። ራሌ ሀምበርን በ1932፣ ረጅን በ1943፣ የቢ ኤስ ኤን የብስክሌት ክፍል በ1957 ጠቀለለ፤ በ1960 ከሄርኩለስና ከፊሊፕስ ባለቤቶች ጋር አንድ ሆነ። ስለዚህ ከ1960 በኋላ አምስት ስም ያላቸው አምስት ብስክሌቶች ከአንድ የኖቲንግሃም አዳራሽ ሊወጡ ይችሉ ነበር። ነገሩ ህንድም ይደርሳል። አሳንሶል ከተማ ላይ ሴን ራሌ የሚባል ፋብሪካ የራሌን ስም ይዞ ያመርት ነበር፤ በ1949 ማድራስ ላይ የተቋቋመው ቲ አይ ሳይክልስም በሄርኩለስና በቢ ኤስ ኤ ስም ይሠራ ነበር። «ራሌ» የሚል ቆርቆሮ ይዞ የተወለደው ቤንጋል የሆነ ብስክሌት በሕጋዊ መንገድ አለ። ሶኒፓት ላይ በ1951 የተጀመረው አትላስና ሉዲያና ላይ በ1956 የተጀመረው ሂሮ ደግሞ በራሳቸው ስም ያንኑ የእንግሊዝ ንድፍ ሠሩ። ቻይናም ቲያንጂን ላይ ከ1950 ጀምሮ ፍላይንግ ፒጅንን፣ ሻንጋይ ላይ ደግሞ ፊኒክስንና ፎርኤቨርን አወጣች።

ታዲያ ህንዱንና ቻይናውን ከእንግሊዙ በምን እንለያለን? ፊሌቶው ላይረዳን ይችላል፣ ሥርዓቱ ተቀድቷልና። እኔ የማየው ኪያቤውን ነው። የድሮው የእንግሊዝ ዳዶ በኢንች ስለተሠራ የሚሊ ሜትር ኪያቤ ወይ ይላላበታል ወይ አይገባበትም፤ የቻይናው ዳዶ ብዙ ጊዜ ሚሊ ሜትር ነው። የፔዳሉን ክንድ በዘንጉ ላይ የሚያስረውን ሽብልቅም መለካት ይጠቅማል፤ የእንግሊዙ በተለመደው 9.5 ሚሊ ሜትር፣ የፈረንሳዩ 9 ነው።

ጣሊያንን ለብቻው አስቀርቻለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጓጓው ለእሱ ነው። በኤርትራ የብስክሌት ውድድር ከጣሊያኖች ጋር ገብቶ ሥር ሰደደ፤ የኤርትራ ዙር የሚባለው ውድድር በ1946 ተጀምሯል። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍም ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞች ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ይህ የውድድር ታሪክ በመሆኑ ከአስመራ መንገድ የመጣ እውነተኛ የጣሊያን ብስክሌት ሲገኝ የውድድር ወይም የቀላል ስፖርት ሻንሲ የመሆኑ ዕድል ከጉዞ ብስክሌትነቱ ይበልጣል። የቢያንኪው ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም እንኳ ሲፋቅ ከሥር ቢገኝ ደስ አይበላችሁ፤ ያንን ቀለም ማንም ሊቀባው ይችላል። 36 ሚሊ ሜትር የቀኝ ፊሌቶና 70 ሚሊ ሜትር ወርድ አብረው ሲገኙ ነው ጣሊያን የሚባለው።

የመጨረሻው አስቸጋሪ ነገር ጥገናው ነው። የድሮ ሻንሲ ቱቦዎች በመጋጠሚያ እጅጌ ውስጥ ገብተው በነሐስ የተበየዱ ናቸው። መጋጠሚያው ተሰንጥቆ በኤሌክትሪክ ሳልዳቱራ ሲበየድ ብረቱ አጠገቡ ይሰባበራል፤ ከዚያ የፊት ሹካው ከሌላ ይመጣል፣ የኋላው ጎማ ከሦስተኛ። እንዲህ ያለውን ብስክሌት ሰብሳቢዎች «ኦሪጅናል አይደለም» ብለው ይንቁታል። እኔ አልስማማም። የእንግሊዝ ሻንሲ፣ የጃፓን ማርሽ፣ የቻይና ጎማና ሸዋ ሮቢት ላይ የተቀጠቀጠ ፖርቶመጋላ ያለው ብስክሌት በዚህ መንገድ ላይ ምን እንዳለፈ ከንጹሑ ይልቅ በትክክል ይናገራል። ስህተቱ መቀየሩ አይደለም፤ የተነቀለው ነገር ሳይመዘገብ ወደ ቁራሊዮ መሄዱ ነው።

ስለዚህ ብስክሌቱ ያላችሁ ቤተሰቦችና የምትጠግኑት ጎሚስታዎች፣ አዲስ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ገልብጡትና የሻንሲውን ቁጥር፣ የሞዞውን ሁለት አሃዝ፣ የኮርቻ ዘንጉን ልኬትና የቀኝ ኩባያው በየት በኩል እንደተፈታ በወረቀት ጻፉ፣ በስልክም ፎቶ አንሡት። የማይሠራ የስተርሚ አርቸር ሞዞ ካገኛችሁ በኪሎ አትሽጡት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሻንሲው ጋር እሰሩት።